ካልታመምሽ አልሠራሽም ያለው ማነው?

ባለፈው እሁድ አዳራሻችን ውስጥ ከሦስቱ ብስክሌቶች አጠገብ ቆመን ውኃ ስንጠጣ፣ አንዲት እህታችን ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ «ሰኞ ደረጃ መውረድ አቅቶኝ በቂጤ ነው የወረድኩት» ብላ አሳቀችን። ሌላዋ ደግሞ «ጎበዝ! ካልታመምሽ እኮ አልሠራሽም» አለቻት። ተጨበጨበ። እኔም ሳላስበው አጨብጭቤያለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ጭብጨባው አልዋጥልኝ አለ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያ ነው።

አስቀድሜ ልናገር፤ ሐኪም አይደለሁም፣ አሰልጣኝም አይደለሁም። እንደ አብዛኞቻችሁ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቤይሩት ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በኮንትራት አንድ ቤት ተቀምጬ፣ አሁን ደግሞ ወጥቼ በሰዓት እሠራለሁ። ብስክሌት የሚባል ነገር ላይ የወጣሁት በ34 ዓመቴ ነው፤ እሱም የማይሄድ ብስክሌት። ከመቀሌ የመጣችው ጓደኛችን «ይሄማ ብስክሌት አይደለም፣ የስፌት መኪና ነው» ትለኛለች። እሷ ምን ታድርግ፣ ብስክሌት የሚወደድበት ከተማ ነው ያደገችው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፅጋቡ ግርማይም የትግራይ ልጅ ነው፤ ይህንንም በየእሁዱ ታስታውሰናለች።

በሳምንት ሁለት ቀን የምሠራበት ቤት በረንዳ ላይ እንዲህ ያለ ብስክሌት አለ። ማዳም ገዝታ ሁለት ሳምንት ነዳችው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የልብስ ማስጫ ሆኖ ኖረ፤ እኔ አቧራውን እያራገፍኩ፣ እርጥብ ፎጣ እያሰጣሁበት። አንድ ቀን ሥራ ጨርሼ ልወጣ ስል ዓይኔ እዚያ ላይ ሲያርፍ አየችና «ከፈለግሽ ንጂው» አለችኝ። ያሰብኩትን ልንገራችሁ፦ «ምንጣፍ ተሸክሜ ጣሪያ ላይ የማወጣ ሴት፣ ቁጭ ብለው የሚነዱት ነገር ያቅተኛል እንዴ?» ኮርቻውን ሳላስተካክል፣ ማጥበቂያውን ሳልነካ፣ ስልኬ ላይ አንዲት ፈረንጅ «ለጀማሪዎች 40 ደቂቃ» ብላ የለቀቀችውን ቪዲዮ ከፍቼ ተከተልኳት። በ10ኛው ደቂቃ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። በ20ኛው ጆሮዬ ጭው አለ። አላቆምኩም። ለምን እንዳላቆምኩ ቆይቶ ነው የገባኝ፤ እመለስበታለሁ።

ስወርድ እግሬ የኔ አልነበረም። በማግሥቱ ያን ያህል አልነበረም፤ በሦስተኛው ቀን ግን ታክሲ ውስጥ ለመቀመጥም ለመነሳትም ሰው መያዝ ነበረብኝ። እሱስ አለፈ። ያላለፈው ጉልበቴ ነው። ኮርቻው ለእኔ ዝቅ ያለ ስለነበር ጉልበቴ ከልክ በላይ እየታጠፈ ነው የገፋሁት፤ ከፊት ለፊቱ ያዘኝና ሦስት ሳምንት ተንበርክኬ ወለል መወልወል አልቻልኩም። በሰዓት የሚከፈላት ሴት ጉልበቷ ሲታመም ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ይህንን የምጽፈው ባለታሪኳን አስፈቅጄ ነው፤ ስሟን ግን አልጠራም።

ዐምና በፍልሰታ አንድ እሁድ፣ የ26 ዓመት እህታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አዳራሻችን መጣች። ከቅዳሴ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ እህል ውኃ አልቀመሰችም። ኢሽቲራኩ ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። የቤይሩትን የነሐሴ ወበቅ ታውቁታላችሁ። ጠንካራ ልጅ ናት፤ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አሮጊት ብቻዋን አንስታ የምታጥብ፣ የምታገላብጥ። ያን ቀን የሚያሠራን ልጅ በጎ ፈቃደኛ ነው፣ ክፋት የለበትም፤ ሙዚቃውን ከፍቶ «ያላ! ያላ! እንዳታቆሙ!» ይላል። ግማሽ ሰዓት ላይ ፊቷ ተለዋወጠ። «በቃኝ መሰለኝ» አለች። አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። «አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረው» ያልኳት እኔ ነኝ። እጄን ሰድጄ ማጥበቂያውን የጨመርኩባትም እኔ ነኝ፤ ቀልድ መስሎኝ። 45 ደቂቃዋን ጨረሰች። አጨበጨብንላት።

ሰኞ እግሯ አልታጠፍ አለ። እኛ በቮይስ «ጎበዝ፣ እየሠራ ነው ማለት ነው» እያልን ላክንላት። ማክሰኞ ጭኗ አብጦ ሱሪ አላስገባ አለ፤ ሽንቷ ደግሞ እንደ ቆየ ሻይ ጠቆረ። እሷ ምች ነው ብላ አሰበች። ለማዳሟ አልተናገረችም፤ «ታመምኩ ካልኩ ወደ መክተብ ትመልሰኛለች» ብላ ፈርታ። ሕመሙን ለማስታገስ ከቤቱ መድኃኒት ሳጥን አይቡፕሮፌን እያወጣች ዋጠች፣ አሮጊቷንም ማንሳት ቀጠለች። ረቡዕ ሌሊት ሽንት ቤት ውስጥ ሆና እያለቀሰች ፎቶ ላከችልኝ። ሽንት ቤቱን ነው ያነሳችው። እኔ ስልኩን ይዤ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ያቺ ማጥበቂያ እጄ ላይ ያለች መሰለኝ።

የወሰድናት ሆስፒታል መጀመሪያ የጠየቀው ማስያዣ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በየስልኩ እየደወልን ከእናንተው ሰበሰብን። ግሉኮስ ተሰክቶላት አራት ቀን ተኛች። ኩላሊቷ ተረፈ። ሥራዋ አልተረፈም። አሁን ሌላ ቤት ናት፣ ደህና ናት፤ ስታገኘኝ እየሳቀች «አንቺ ነሽ እኮ የጨመርሽብኝ» ትለኛለች። እኔ አብሬያት መሳቅ ገና አልቻልኩም።

ሐኪሙ ያስረዳን እንዲህ ነው። ጡንቻ ያልለመደው ከባድ ሥራ በአንዴ ሲጫንበት የውስጡ ክር ይበጣጠሳል። ጥቂት ከሆነ ሰውነት ራሱ ይጠግነዋል። ሲበዛ ግን የተበጣጠሰው ጡንቻ በውስጡ የያዘውን ወደ ደም ይለቃል፤ ሽንቱን ያጠቆረውም እሱ ነው፤ ኩላሊት ያንን ለማጣራት ሲታገል ይጎዳል። ስሙ ራብዶማዮላይሲስ ይባላል (ለመጥራት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል)። ብስክሌት በዋናነት የሚያደክመው ጭንን ነው፤ ጭን ደግሞ ብዙ ጡንቻ ያለበት ቦታ ነው። ሙቀትና የውኃ ማነስ ሲጨመርበት ይብሳል። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹም ውኃ ባነሰው ሰውነት ውስጥ ኩላሊትን ይጎዳሉ። በኋላ ሳነብ እንዳየሁት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የቡድን ብስክሌት ክፍል ገብተው በዚሁ በሽታ ሆስፒታል ስለገቡ ሰዎች ሐኪሞች በሕክምና መጽሔቶች ጽፈዋል፤ ወጣትና ጤነኛ የሆኑ ሰዎች ናቸው። በየቀኑ የሚሆን ነገር አይደለም፣ ላስፈራራችሁም አይደለም። ግን ሆኖብናል።

እንግዲህ «ካልታመምሽ አልሠራሽም» የሚለውን ነገር በዚህ ዓይን እዩት።

ጀማሪ ሰው ከብስክሌት በኋላ ትንሽ መተሳሰሩ ያለ ነው። ይህ ዓይነቱ ሕመም ወዲያው አይመጣም፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ይጀምራል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይበረታል፣ ከዚያ እየለቀቀ ይሄዳል። በሁለቱም እግር ነው፤ ሲነኩት ያማል፣ ስትንቀሳቀሱ ይፍታታል። «አሲድ ተጠራቅሞብኝ ነው» የምንለው ልክ አይደለም። በስፖርት ጊዜ የሚበዛው ላክቴት ካቆማችሁ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ይጠራል፤ የማክሰኞው ሕመም ከእሁዱ አሲድ ጋር አይገናኝም።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ጡንቻን በብዛት የሚያሳምመው እየተለጠጠ ሸክም ሲይዝ ነው፤ ቁልቁለት ስንወርድ፣ ከባድ ዕቃ ቀስ አድርገን ስናስቀምጥ። ብስክሌት ላይ ደግሞ እግር ይገፋል እንጂ እየተለጠጠ የሚይዘው ሸክም ብዙ የለም። ስለዚህ በልኩ የተነዳ ብስክሌት ከቁልቁለት ሩጫ ይልቅ ያነሰ ሕመም ነው የሚያመጣው። ታዲያ ከብስክሌት ወርዳ በማግሥቱ ደረጃ በቂጧ የወረደችው እህታችን ምን ሆና ነው? ከልኩ አልፋ ነው። ደግሞም በልኩ እየቀጠላችሁ ስትሄዱ ሕመሙ በየጊዜው ይቀንሳል፤ ጡንቻው ስለለመደ ነው። ያኔ «አልሠራልኝም» ብላችሁ ማጥበቂያውን ልትጨምሩ ነው? ሕመምን መለኪያዋ ያደረገች ሴት ሰውነቷ በበረታ ቁጥር ራሷን ትቀጣለች።

ሽንት እንደ ሻይ ወይም እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ጭን ካበጠና ከደረቀ፣ ሕመሙ ከሠራችሁት ሥራ ጋር የማይመጣጠን ከሆነ፣ እግር ሰውነት መሸከም ካቃተው፣ ያን ቀን ሐኪም ዘንድ ነው የሚኬደው፤ ነገ አይባልም። አንድ ባት ብቻ አብጦ ሲሞቅም እንዲሁ። ደረት ሲያስጨንቅ ወይም ራስ ሲያዞር ወዲያው ይቆማል፣ ይወረዳል፣ ለአጠገብ ሰው ይነገራል። ጉልበት ውስጥ የሚወጋ ሕመምም የጡንቻ ሕመም አይደለም፤ ማሽኑን አስተካክሉ የሚል ነው። እና እባካችሁ፣ ለማዳም መናገር ብትፈሩ እንኳ ለእኛ ደውሉ። ሌሊትም ቢሆን።

ታዲያ በምን እንለካ? በትንፋሽ።

ጉናር ቦርግ የሚባል የስዊድን የሥነ ልቦና ባለሙያ ከ6 እስከ 20 የሚሄድ መለኪያ አውጥቷል። የሚሠራው ሰው ራሱ ምን ያህል እንደከበደው ቁጥር ይሰጣል። ከ6 የሚጀምረው ቁጥሩ በ10 ሲባዛ የልብ ምትን በግምት እንዲጠጋ ተብሎ ነው፤ 6 ስትሉ 60፣ 20 ስትሉ 200። ለእኛ ግን ከ0 እስከ 10 ያለው ይቀለናል፤ እኔ የምጠቀመውም እሱን ነው። 2 ማለት ስለ ሰው እያማሽ የምትነጂው ነው። 4 ላይ ሐሜቱ አለ፣ ላቡ ግን ጀምሯል። 5 እና 6 ላይ ማውራት ትችያለሽ፣ ዘፈን ወይም መዝሙር ግን አይወጣልሽም። 7 እና 8 ላይ ሁለት ሦስት ቃል ትይና አየር ትስቢያለሽ። 9 ላይ «እሺ» ማለትም ይከብዳል። እኔ በረንዳው ላይ 9 ነበርኩ፤ ያቺ ልጅ ስንት እንደነበረች አልጠየቅኳትም።

ጀማሪ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ሳምንታት ከ5 ባትበልጥ ነው የኔ ምክር። 15 ደቂቃ፣ ቢበዛ 20። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች 2 ላይ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስትም እንዲሁ። በማግሥቱ ሥራሽን እንደ ወትሮሽ ከሠራሽ፣ በሚቀጥለው እሁድ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ጨምሪ። ደቂቃ እና ማጥበቂያ በአንድ ቀን አይጨመርም። ይህ እንደ ኤሊ ጉዞ ነው የሚሉ አሉ፤ ይሁን።

የቁጥሩ ደግነት የዛሬን መናገሩ ነው። ያው ማጥበቂያ፣ ያው 20 ደቂቃ፣ አንድ እሁድ 4 ይሆናል፣ በሚቀጥለው 7። ሕፃን ሲያለቅስ አድረሽ ከመጣሽ፣ የወር አበባሽ ከሆነ፣ ከአገር ክፉ ወሬ ከሰማሽ፣ እግርሽ ያውቃል። የእጅ ሰዓት ያላችሁ «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚለውን ሒሳብ ታውቁታላችሁ፤ እሱ ለብዙ ሰው አማካይ ነው እንጂ ለአንቺ ተብሎ የተሰፋ አይደለም። ለደም ግፊት ከሚሰጡ መድኃኒቶች ውስጥ ደግሞ የልብ ምትን ዝቅ የሚያደርጉ አሉ፤ እነሱን የምትወስድ ሰው ሰዓቷን ብታምን ትሳሳታለች፣ ትንፋሿን ብታምን ግን አትሳሳትም። ማሽኑ ላይ «ይህን ያህል ካሎሪ አቃጠልሽ» የሚለውን ቁጥር ተዉት፤ እኔ በሻሽ ሸፍኜዋለሁ።

ቁጥሩ ግን ቀላሉ ነገር ነው። ከባዱ እውነተኛውን ቁጥር መናገር ነው። በረንዳው ላይ ለምን አላቆምኩም ብያችሁ ነበር። ማንም አላስገደደኝም፤ ማዳም ውስጥ ቡናዋን እየጠጣች ነበር። ግን እኔ «ተዕባኔ» ማለት የሚያስቆጣበት ቤት ዓመታት የኖርኩ ሰው ነኝ። ሲደክመኝ አልደከመኝም ማለት፣ ሲያመኝ ፊቴን ማስተካከል ለምጃለሁ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለሥራው ብቻ ሳይሆን ድካሜን ለመደበቄም ጭምር ይመስለኝ ነበር። «ያላ» የሚል ድምፅ ስሰማ ልቤ ሳያስብ እግሬ ይነሳል። ያ ልጅ «ያላ» ሲል በአገሩ ቋንቋ «በርቱ» ማለቱ ነው፤ እኛ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ትእዛዝ ይሆናል። ይህን ነግሬው ደነገጠ፤ አሁን «እንዴት ናችሁ?» ይላል፣ ምስጋና ይድረሰው።

አንዳንዶቻችሁ «እኛ ቀኑን ሙሉ ስንጎነበስ፣ ስንሸከም እንውላለን፤ ስፖርት ምን ያደርግልናል?» ትላላችሁ። ክፉ ጥያቄ አይደለም። የሥራ ድካም ከስፖርት ድካም ግን ይለያል። በሥራ ላይ ሰዓቱ ረጅም ነው፣ ዕረፍቱ በእጃችን አይደለም፣ አንድ ጎን ብቻ ነው የሚደክመው፣ ልብም ለማረፍ ጊዜ አያገኝም። በመስኩ የሚያጠኑ ሰዎችም ቀኑን ሙሉ የሚለፋ ሰው ከልፋቱ ለልቡ የሚያገኘው ጥቅም በራሱ ፈቃድ ከሚሠራው ስፖርት ጋር እኩል አለመሆኑን አይተዋል። በሌላ በኩል ይህ ልፋት ከብስክሌት ጉዳት አያድነንም። የወገብና የክንድ ጉልበት አለን፤ ጭናችን ግን ለ45 ደቂቃ ፔዳል መግፋት ጀማሪ ነው። ያቺ ልጅ አሮጊት የምታነሳ ናት፤ አልረዳትም። እንዲያውም ጠንካራ ነኝ ማለቷ ነው የጎዳት፣ እኔም ጠንካራ ናት ማለቴ።

እሁድ ብቻ የምትወጡ እህቶች ላይ ያለውን ፈተና አውቃለሁ። የሳምንቱን ሁሉ በአንድ ቀን ጠቅልላችሁ ልትወጡ ትፈልጋላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይህን ሰምታ «እሁድ 150 ደቂቃ እነዳለሁ» ያለች አለችን። ኧረ በማርያም! ያው መመሪያ እኮ ትንሽም ቢሆን ከምንም ይሻላል ይላል፤ ከ10 ደቂቃ ያነሰም ይቆጠራል። ሊፍት ትታችሁ ደረጃ መውጣት፣ ውሻውን ስታንሸራሽሩ መፍጠን፣ ቆሻሻ ልትጥሉ ስትወርዱ ሕንፃውን አንድ ጊዜ መዞር። እሁድ ስትመጡ ብስክሌቱ ላይ የቀረውን ዕዳ ልትከፍሉ አይደለም የምትመጡት። ዕዳ ይበቃናል።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ኮሚቴያችን ለእንቁጣጣሽ የአንድ ሰዓት የብስክሌት ውድድር አስቧል፤ ብዙ ርቀት የነዳች ትሸለማለች፣ ማንም መመዝገብ ይችላል። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ያን ቀን አዳራሹ ይሞላል፣ እንስቃለን፣ ዓመቱን ሙሉ ያላየናቸው እህቶች ይመጣሉ። ደግሞም ማን ነው እኛን አወዳድሮ የሸለመን? ያንን ደስታ መንፈግ አልፈልግም። ግን «ማንም መመዝገብ ይችላል» የሚለው ላይ አልስማማም። በዓመት አንድ ቀን ፈቃድ አግኝታ የመጣች፣ በጭብጨባና በሙዚቃ መሀል ብስክሌት ላይ የወጣች ሴት «በቃኝ» አትልም። እኔ አውቃታለሁ፤ እኔ ራሴ ነኝ። ውድድሩ ቢያንስ ስድስት ወር ለነዱት ብቻ ይሁን። ለአዲሶች ሌላ ጨዋታ እናምጣ፦ 10 ደቂቃ እየነዳች ሳይቆራረጥባት ረጅም ተረት የምታወራ ትሸለም። እየቀለድኩ ይመስላችኋል? ከ5 በላይ የሆነች ተረቱን አትጨርስም፤ ከዚህ የተሻለ ዳኛ የለም።

ማሽኑን የማያውቁ ስላሉ ጥቂት ልጨምር። ቆማችሁ ኮርቻውን ከዳሌ አጥንታችሁ ጋር አስተካክሉ። ከዚያ ውጡና ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ቀጥ ማለት አለበት። የእግራችሁን ፊት ስታደርጉ ደግሞ ጉልበት በትንሹ እጥፍ ይላል። ጉልበት ከፊት ከታመመ ኮርቻው ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ ከታመመ ከፍ ብሏል። መቀመጫ አጥንት ላይ የሚሰማው ሕመም ለአዲስ ሰው የታወቀ ነው፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ይለምዳል፤ ትራስ አታስሩበት፣ ይንሸራተታል። የእኛ ብስክሌቶች ጎማቸው ከባድ ስለሆነ እግር ቢያቆምም ፔዳሉ መዞሩን ይቀጥላል፤ እግራችሁን በድንገት አታውጡ፣ ማጥበቂያውን ወደ ታች ስትጫኑት ይቆማል። ማጥበቂያውን የምትነካው የምትነዳዋ ሴት ብቻ ናት። ይህንን በቀይ ጽፌ እለጥፈዋለሁ።

ጾም ላይ ያለን ሰዎች በልተንና ጠጥተን እንንዳ፤ ረመዳን ሲመጣ ሙስሊም እህቶቻችን ከኢፍጣር በኋላ የሚነዱበት ሰዓት ኮሚቴው ቢያመቻች ጥሩ ነው። ኢሽቲራክ ጠፍቶ ማራገቢያ ከሌለ ደግሞ ያን ቀን ብስክሌት ይቅር፤ ቡና እናፍላ።

የፊታችን እሁድ ከ0 እስከ 10 ያለውን ቁጥር በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመጡ መስኮቱ አጠገብ ባለው ብስክሌት ላይ ከእኔ ጋር ትጀምራላችሁ፤ 15 ደቂቃ ብቻ። ውኃ ይዛችሁ ኑ። ከቅዳሴ በቀጥታ ለምትመጡ ዳቦና ሻይ አዘጋጃለሁ። በየመሀሉ «ስንት ነሽ?» እያልኩ እጠይቃችኋለሁ። «ደህና ነኝ» የሚለውን መልስ አልቀበልም፤ ቁጥር ነው የምፈልገው።